«ለቁልቢ እደርስ ይሆን?» ይለኛል፤ ምን ልበለው?

ለምክር ዓምዱ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልሽ ከድሬዳዋ ነው። 44 ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። እዚሁ ታይዋን ገበያ ውስጥ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለችኝ፤ ከሰኔ ወዲህ ግን ከፍቻት የዋልኩባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አባባን የማስታምመው እኔ ነኝ።

አባባ 79 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው፤ ዛሬም ደስ ሲለው ከልጆቼ ጋር በፈረንሳይኛ ይቀልዳል። የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለበት ከታወቀ ሦስት ዓመት ሆነው። አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ወስጄዋለሁ። በሰኔው ጉዟችን ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠራኝና «ወደ አጥንቱ ተሰራጭቷል፤ ከዚህ በኋላ ብዙ የምናደርግለት ነገር የለም፣ ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቡት» አለኝ። ያን ሁሉ መንገድ አጠገቡ ተቀምጬ ስመለስ አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም።

አባባ ግን አያውቅም። «ወገብህ ላይ ነርቭ ተጭኖ ነው» ብለነዋል።

የሚብስበት ሌሊት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን የአልጋውን ብረት ጨብጦ ጥርሱን ይነክሳል፤ እኔን ላለመቀስቀስ። ዲክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት እገዛለሁ፤ ጎረቤታችን ያለች ልጅ ትወጋዋለች፤ ለጥቂት ሰዓት ረገብ ይልለትና ተመልሶ ይመጣል። እዚህ ሆስፒታል አንድ ጊዜ «ሞርፊን ይጀመርለት» ሲሉኝ አክስቴ «ሞርፊን የተጀመረለት ሰው ከዚያ ወዲያ ምን ቀረው!» ብላ አስደነገጠችኝና ተውኩት። ምግብም እየቀነሰ ነው። እኔ «ብላ»፣ እሱ «በቃኝ»፣ በየማዕዱ እንጣላለን።

ወንድሜ ቶሮንቶ ነው ያለው። በየቀኑ ይደውላል። «ባንኮክ እንውሰደው፣ ገንዘቡን እኔ እችላለሁ፤ አቦ አንቺ ተስፋ ቆርጠሽበታል» ይለኛል። አባባን ስጠይቀው ደግሞ መልሱ «ከቤቴ አታውጡኝ» ነው።

ባለፈው እሑድ ጢሙን እየላጨሁለት በመስታወቱ አየኝና «ለቁልቢ እደርስ ይሆን?» አለኝ። የዘንድሮውን የታኅሣሥ ገብርኤል ማለቱ ነው። «ምን ነካህ አባባ፣ ትደርሳለህ እንጂ!» ብዬ ሳሙናውን እንኳ ሳልጠርግለት ወጥቼ ኩሽና ውስጥ አለቀስኩ።

ልውሰደው ወይስ ቤቱ ይሁን? ልንገረው ወይስ ልደብቀው? እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ አባቴን እየገደልኩት ያለሁ እየመሰለኝ ነው።

ሰ. ነኝ፣ ከድሬዳዋ

*

እህቴ ሰ.፣

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም። የአልጋውን ብረት የጨበጠው እጅ ዓይኔ ላይ ቀረ። አባት ልጃቸውን ላለመቀስቀስ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ፤ ልጅ አባቷ ፊት ላለማልቀስ ኩሽና ትገባለች። አንዳችሁ ለሌላችሁ ስትሳሱ በአንድ ቤት ውስጥ ለየብቻ ቀርታችኋል። ብዙ ነገር ጠይቀሽኛል፤ እኔ ግን የምጀምረው ካልጠየቅሽኝ ነገር ነው፤ ከዚያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ውጋት የያዘው ሰው ስለ ባንኮክም ሆነ ስለ ቁልቢ ረጋ ብሎ ማሰብ አይችልም። ለወራት እንቅልፍ ያጣች ልጅም እንዲሁ።

ሃያ ዓመት በጤና ጣቢያ ነርስነት ስሠራ «ብዙ የምናደርግለት የለም» የሚለውን ቃል ይዘው የመጡ ቤተሰቦች በየጊዜው ያጋጥሙኝ ነበር። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ቆመው የነገሩሽ ግማሹን ነው። ካንሰሩን የሚያጠፋ ነገር እጃችን ላይ የለም ማለታቸው ነው። ስቃያቸውን የሚያስታግስ፣ እንቅልፍ የሚሰጥ፣ ከሰው ጋር የሚያስቀምጥ ሕክምና ግን አለ፤ «ተንከባከቡት» ያሉትም ይህንን ነበር፤ እንዴት እንደሚደረግ ግን አልነገሩሽም። የማስታገሻ ሕክምና ይባላል። ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳንደርስ በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ሆስፒስ፣ ማለትም የማይድኑ ሕሙማን የሚታመሙበትን ቤት፣ ስትከፍት ይዛው የተነሳችው ሐሳብ የታማሚ ሕመም አንድ ብቻ አይደለም የሚል ነበር፤ የአጥንቱ ውጋት አለ፣ የልቡ ፍርሃት አለ፣ ለቤተሰቡ ሸክም ሆንኩ የሚለው ሐሳብ አለ፣ ከፈጣሪው ጋር ያለው ጉዳይ አለ፤ አንዱን ትቶ ሌላውን ማከም አይሆንም። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም የጤና ጉባኤ ይህ እንክብካቤ በትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ ሳይወሰን ለሰው ቅርብ ከሆነው ከመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት ጀምሮ እንዲሰጥ ወስኗል። ውሳኔው ገና መሬት አልወረደም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እንክብካቤው ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። አባትሽ ከእነዚያ ከሚያገኙት ውስጥ እንዲገቡ እፈልጋለሁ፤ ይህ ደግሞ ከሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ይጀምራል።

ጤና ጣቢያ ስልሽ «እዚያ የወባ ምርመራና ክትባት እንጂ ምን አለ» ትዪ ይሆናል። አንድ ነገር አለ፤ ቅርብ ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ የአዲስ አበባውን ወረቀት ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። አባትሽን ባጃጅ ላይ አታንገላቺ፤ ለመጀመሪያው ቀን አንቺ ብቻ ትበቂያለሽ። ለሐኪሙ ወይም ለጤና መኮንኑ በግልጽ ንገሪው፦ «አባቴ ካንሰሩ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል፤ ሌሊት አይተኛም፤ የሚጠጣ ሞርፊን እንዲጀመርለት ሪፈር እፈልጋለሁ፤ ቤት መጥቶ የሚያየው ሰውም እፈልጋለሁ።» ሞርፊን ሆስፒታል ነው የሚታዘዘው፤ ልዩ ማዘዣም አለው። ከሪፈሩ ጋር ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ትሄጃለሽ። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ደግሞ በዚሁ በጤና ጣቢያው በኩል ማለፍ ግድ ነው፤ ደብተሩን አትርሺ። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ደጃችሁን ታውቀው ይሆናል፤ የምትመጣው ለእናቶችና ለሕፃናት ብቻ መስሎሽ ከሆነ አስገቢያትና አባትሽን አሳያት።

ስለ ዲክሎፌናክ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንደ ጥፋት አትውሰጂው፣ መድኃኒት ቤት የሰጠሽን ነው የወሰድሽው። ለአንድ ሰሞን ወገብ ሕመም ደህና መድኃኒት ነው። የ79 ዓመት ሰው በየሌሊቱ ለወራት ሲወጋው ግን ኩላሊትን ይጎዳል፣ ጨጓራን ያደማል፤ ደም ግፊት ካለም ያባብሳል። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከታየሽ ወይም ሽንታቸው በጣም ከቀነሰ ሳትውዪ ሳታድሪ ለሐኪም ንገሪ። ስንት ጊዜ እንደተወጉም አትደብቂ፤ ሐኪሙ ሞርፊኑን የሚመጥነው የኩላሊታቸውን ነገር አይቶ ነው።

አሁን ወደ ሞርፊን። አክስትሽ የተናገሩት ከመሬት ተነስተው አይደለም። በሀገራችን ሞርፊን ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው ሰውየው ሊሞት ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። ሰው ያየው ይህንን ነው፤ ሞርፊን ተሰጠ፣ በሳልስቱ ለቅሶ ተቀመጥን። የገደለው በሽታው ሆኖ ሳለ ስሙ የጠፋው የመድኃኒቱ ነው። ቀድሞ ሲጀመርና በልክ ሲሰጥ ሞርፊን ዕድሜ አያሳጥርም። ሱስስ? ለሕመሙ በታዘዘለት መጠን የሚወስድ ሰው እንደ ሱሰኛ መድኃኒቱን ፍለጋ አይባዝንም። ሰውነቱ ስለሚለምደው በአንዴ ማቆም አይገባም፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል፤ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

እንዴት እንደሚወሰድ ልንገርሽ። የሚጠጣው ሞርፊን በጠርሙስ ያለ ፈሳሽ ነው፤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ትለኪዋለሽ። ለአረጋዊ በትንሹ ተጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ ይጨመራል። ከተጠጣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ መሥራት ይጀምራል፤ አራት ሰዓት ያህል ይቆያል። ስለዚህ ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ በሰዓቱ ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው ጠዋት 12 ሰዓት፣ 4 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ምሽት 12 ሰዓት፣ ከዚያ ማታ 4 ሰዓት ነው። የማታውን ሐኪሙ እጥፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ያን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ይዟቸው ያድራል። ያቺ የሌሊት 8 ሰዓት ተኝተው ታልፋለች፤ አንቺም ትተኛለሽ። በመካከል ሕመሙ ሰብሮ ቢወጣ የሚሰጠውን ተጨማሪ መጠንም ጠይቂና አጽፊ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል፤ ያቅለሸልሻቸውም ይሆናል። አትደንግጪ፣ ያልፋል። ደግሞም ለወራት ያልተኛ ሰው ሕመሙ ሲለቀው ለአንድ ሰሞን መተኛቱ አይገርምም። ሊነቁልሽ ካልቻሉ፣ መቃዠት ከጀመሩ ወይም ትንፋሻቸው በጣም ከዘገየ ግን የሚቀጥለውን ሳትሰጪ ሐኪም ጋ ሂጂ። የማያልፈው ችግር የሆድ ድርቀት ነው። ሞርፊን ሲታዘዝ የሚያለሰልስ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ቢሳኮዲል፣ አብሮ መታዘዝ አለበት። ካልጻፉልሽ ከወንበሩ ሳትነሺ ጠይቂ። የድሬዳዋ ፓፓያም ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ጠርሙሱን ልጆችሽ የማይደርሱበት ቦታ ቆልፈሽ አስቀምጪው።

አንድ የተማሪ ደብተር ግዢ። በየቀኑ ሰዓቱን፣ የሰጠሽውን መጠን፣ ሰገራ መውጣት አለመውጣታቸውን፣ ከዚያ ደግሞ «ከ0 እስከ 10 ስንት ያምሃል?» ብለሽ የነገሩሽን ቁጥር ጻፊ። ምድር ባቡር የሠሩ ሰው ናቸው፤ ሰዓትና መዝገብ እንግዳ አይሆንባቸውም። እጃቸው እሺ ካለ ራሳቸው ይጻፉት። የሐኪም ደጅ ስትደርሺ «በጣም ያመዋል» ከማለት «ሰኞ ሌሊት 9 ነበር፣ ሐሙስ 4 ሆነ» ማለት ይሻላል፤ መድኃኒቱ የሚስተካከለው በዚህ ነው።

አጥንት ውስጥ ስለገባ ካንሰር ሁለት ነገር ልጨምርና ልለፍ። አንዳንድ ጊዜ በአንድ ቦታ ለጠና የአጥንት ሕመም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ የጨረር ሕክምና ብዙ ሳምንት የሚዘልቅ እፎይታ ይሰጣል፤ ለአባትሽ ይጠቅም እንደሆነ ጠይቂ። ሁለተኛው አጣዳፊ ነው። እግራቸው በድንገት ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ አልታዘዝ ካላቸው ካንሰሩ ኅብለ ሰረሰርን ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ያኔ እስኪነጋ መጠበቅ የለም፤ ሰዓታት ሳይባክኑ ከተደረሰ እግራቸው ሊተርፍ ይችላል።

የቤቱ ነገር ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። አልጋቸውን ጓዳ ውስጥ አኑረሽ ከሆነ ወደ በረንዳው አውጪው። በሙቀቱ ወራት ግቢ ውስጥ አልጋ ዘርግቶ ሲያድር የኖረ የድሬ ሰው ግድግዳ እያየ እንዲከርም አይገባም፤ ከኒሙ ጥላ ሥር ሆነው አላፊ አግዳሚው «አደርክ?» ይበላቸው። አጎበር ግን አይቅር። ቬንትሌተሩን ወደ ፊታቸው አዙሪው፤ ትንፋሽ ሲያጥር ፊት ላይ የሚነፍስ ነፋስ እውነተኛ እፎይታ ይሰጣል። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያ ይዘው ልጆችሽ ይቀመጡ፤ አያትን ማራገብ ለልጅ ትልቅ ሹመት ነው። ከአልጋ መውረድ ካቃታቸው በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን ቀይሪላቸው፣ በላብ የራሰውን አንሶላ ለውጪ፣ ወገባቸውንና ተረከዛቸውን በየቀኑ እዪ። የቀላ ቦታ ካየሽ አትሺው፤ ጫናውን አንሺለትና ለነርሷ አሳዪ። አፋቸው ሲደርቅ ንጹሕ ጨርቅ ውኃ ነክረሽ ጥረጊ፣ ከንፈራቸውን ቫዝሊን ቀቢ።

ምግቡ ላይ አትጣዪ። ይህን የምልሽ ከልቤ ነው፤ ምክንያቱም እኛ ፍቅራችንን የምንናገረው በጉርሻ ነው፣ ጉርሻችን ሲመለስ ደግሞ እኛው የተመለስን ይመስለናል። የጠና በሽታ ያለበት ሰው የሚደክመው ስላልበላ ብቻ አይደለም፤ ሰውነቱ ምግቡን እንደ ድሮው መጠቀም እያቃተው ነው። ማስገደድ ማቅለሽለሽ እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ሳህኑን ወደ ስኒ ለውጪው። አንድ ስኒ ሾርባ፣ ሁለት ማንኪያ ጊሽጣ፣ ቀዝቀዝ ያለ ወተት፣ ሲያሰኛቸው ትንሽ ፉል፤ ባሰኛቸው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን። «በቃኝ» ሲሉ «እሺ አባባ» በይ። መጾም እፈልጋለሁ ካሉ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት። ጠበሉንም አክስትሽ ያምጡላቸው፣ መድኃኒቱም በሰዓቱ ይሰጥ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ወደ ከባዱ ልምጣ። አባትሽ አያውቁም ብለሻል። እኔ ግን ያ የመስታወት ጥያቄ የማያውቅ ሰው ጥያቄ አልመሰለኝም። ነርቭ የተጫነው ሰው «ለቁልቢ መሄድ እችል ይሆን?» ይላል፤ አባትሽ ግን «እደርስ ይሆን?» ነው ያሉት።

እኛም እናቴን በውሸት ነው ያስታመምናት። «ጨጓራ ነው» አልናት፤ እስከ መጨረሻው «ጨጓራዬ» እያለች ከእኛ ጋር ዘለቀች። ከተቀበረች በኋላ ሳጥኗን ስንከፍት ታጥቦና ተጣጥፎ የተቀመጠ የመገነዣ ነጠላ አገኘን፤ በላዩም በመሐረብ የተቋጠረ የለቅሶ ቡና ገንዘብ። ጎረቤቷ ከዓመት በፊት አብራት ገዝታው ኖሯል። «ልጆቼ እንዳይጨነቁ አላወቅሁም ብያለሁ» ብላት ነበር። ያን ዓመት ሁሉ ከእናቴ ጋር ልንነጋገር የምንችለው ስንት ነገር ነበር! እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

እንዲህ ስልሽ ግን ነገ ጠዋት ተነስተሽ «አባባ፣ ካንሰር ነው» በያቸው ማለቴ አይደለም። የኛ ሰው መርዶ ሲያረዳ ሰዓት ይመርጣል፣ ሰው ይሰበስባል፣ ሰውየውን ብቻውን አይተወውም። ይህ ወጋችን ጥበብ አለበት፤ ለታማሚውም እንጠቀምበት። ሕመሙ ጋብ ያለበት አንድ ረፋድ ምረጪ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሁኑ። አልጋቸው ዳር ተቀመጪና ጠይቂ እንጂ አትንገሪ። «አባባ፣ ያን ቀን ስለ ቁልቢ ስትጠይቀኝ ደንግጬ ሸሸሁህ። ምን እያሰብክ ነበር?» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይረዝምብሽ ይሆናል፤ አንቺ ቀድመሽ አትሙዪው። ምናልባት ያወራሉ። ምናልባት «ተይው» ይላሉ፤ ያም መልስ ነው፣ ይከበር። ሁሉም ሰው ዝርዝሩን ማወቅ አይፈልግም። «ስለ ሕመምህ ሐኪሞቹ የሚሉትን መስማት ትፈልጋለህ ወይስ እኔ ብሰማልህ ይሻላል?» ብለሽም መጠየቅ ትችያለሽ። መስማት እፈልጋለሁ ካሉ ጤና ጣቢያ ያገኘሽው ሐኪም ወይም ነርስ ቤት መጥቶ አንቺም የምታምኗቸው ሽማግሌም ባሉበት ይንገራቸው። አንድ ነገር ብቻ አደራ እልሻለሁ፤ ፊት ለፊት «እሞታለሁ ወይ?» ካሉሽ አትዋሺ። «እኔም እፈራለሁ አባባ፤ ግን ብቻህን አትሆንም፣ ሕመሙንም አናስቀምጥብህም» በያቸው። ይህ እውነት ነው፤ ልትፈጽሚውም ትችያለሽ።

በዚያው ረፋድ ወይም በሌላ ቀን ሌላ ጥያቄ ጠይቂያቸው፤ «ላንተ ደህና ቀን ማለት እንዴት ያለ ቀን ነው?» በሽተኞቼን መጠየቅ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ የሚመልሱት ሁልጊዜ ትንሽ ነገር ነበር። ጢም መላጨት። ከድሮ ጓደኛ ጋር ቡና። የልጅ ልጅ ደብተር ማየት። የአባትሽን መልስ እኔ አላውቅም፤ አንቺ ግን ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፊው፤ ሐኪሙም ወንድምሽም የሚያዩት ገጽ እሱ ይሁን።

ወንድምሽን አትቀየሚው። አንቺ እጅሽ ሥራ አለው፤ ታጥቢያለሽ፣ ትላጫለሽ፣ ታገላብጫለሽ። እሱ ያለው ስልክና ገንዘብ ነው፤ «ባንኮክ» የሚለው ቃል ለእሱ ጸሎት ነው። «አልወስደውም» ብለሽ በስልክ አትጨቃጨቂ። ስልኩን ለአባትሽ ስጪና «ከቤቴ አታውጡኝ» የሚለውን ከራሳቸው አፍ ይስማ። ባንኮክ ቢሄዱ አጥንት ውስጥ ለገባው ካንሰር ምን የተለየ ነገር ሊደረግ እንደሚችል ጥርጣሬ ካለው ወረቀቶቹን ፎቶ አንስተሽ ላኪለት፤ እዚያው ቶሮንቶ ያለ የካንሰር ሐኪም ያንብብለት፤ አባትሽን ከአልጋ ማንሳት ሳያስፈልግ ጥያቄው ይመለስለታል። ገንዘቡ ደግሞ ሥራ አለው፤ ደህና ፍራሽ፣ በሳምንት ሦስት ቀን የምታግዝሽ ሴት፣ የባጃጅና የመድኃኒት ወጪ። ከሁሉ በላይ ግን የአውሮፕላን ትኬት። ለቀብር ሊመጣበት ባሰበው ገንዘብ አሁን ይምጣ፤ አባቱ ቀና ብለው «መጣህ?» ሊሉት በሚችሉበት ጊዜ። ይህን ስትነግሪው ድምፅሽ ቢሰበር ይሰበር።

አንቺስ? እድራችሁ ሰው ሲሞት ድንኳን ተክሎ ለቀናት የሚያበላ ጉልበት አለው። የእድሩን ሴቶች «ስንሞት ከምትመጡ አሁን በየተራ ሁለት ሁለት ሰዓት ከአባባ ጋር ተቀመጡልኝ» ብትያቸው እንቢ የሚሉሽ አይመስለኝም፤ ማንም አልጠየቃቸውም እንጂ። የከሰዓቱ ቡና እሳቸው አልጋ ዳር ይፈላ። በዚያች ሁለት ሰዓት ተኚ፤ ወይም ሱቅሽን ክፈቺ። ሱቋ ያንቺ ደህና ቀን ናት፣ እንዳትዘጊያት። «እየገደልኩት ነው» ያልሽውን ደግሞ ለንስሐ አባትሽ ወይም ለምታምኚያት ጓደኛ ጮክ ብለሽ ተናገሪው፤ በሆድሽ ይዘሽው አትደሪ። እኔ ከደብዳቤሽ ያየሁት አባቷን በገዛ እጇ የምትላጭ ልጅ ነው።

አሁን ስለ ቁልቢ። ታኅሣሥ 19 ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነው፤ ለጤነኛም ይከብዳል፣ ደግሞም ሁለት ወር ማን አየበት። ገብርኤል ግን ሌላም ቀን እዚያው ነው። የሌሊቱ ሕመም ሲረግብላቸው፣ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ለአንድ ሳምንት ያህል ዝቅ ሲል፣ ተራ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ መርጠሽ ውሰጂያቸው፤ ባጃጅ ሳይሆን ጥሩ መኪና ተከራዪ፣ የወንድምሽ ገንዘብ ይችለዋል። በፊት ወንበር፣ ከወገባቸው በታች ትራስ አድርገሽ። ዋዜማውን ላጫቸው። የጠዋቱን ሞርፊን ከመነሳታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ይጠጡ፤ የ4 ሰዓቱን በሲሪንጅ ለክተሽ ያዢ። ሹፌሩ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቀስ ብሎ ይውጣ። ጋቢያቸውን እንዳትረሺ፤ ከድሬ ሙቀት ወጥቶ ቁልቢ ለሚደርስ ሰው ብርዱ ከባድ ነው።